እርሾ ከሰውነታችን ውስጥ መርዛማ ብረት ያወጣል? ከአንዲት የእርሾ ሴል የምንማረው



የዛሬው ትምህርት አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር ከላከችልኝ ጥያቄ የተነሳ ነው። ስሟን ሳልጠቅስ እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች። እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር፣ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ፊቷ እየገረጣ፣ ምግብ እምቢ እያለች ስታስቸግረኝ አስመረመርኳት። የደም ማነስ አለባት ተባልኩ። ሐኪሙ የባለቤቴን ሥራ ጠየቀኝ። ግቢያችን ውስጥ የመኪና ባትሪ እንደሚጠግን ስነግረው የሊድ ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ 18 ሆነ። ከአይረን ሽሮፕ ሌላ መድኃኒት አልሰጣትም፤ ዝም ብሎ የባትሪውን ሥራ ከቤት አውጡ አለን። አሁን አንድ ቪዲዮ ላይ እርሾ ሊድን መጥጦ ያወጣል ሲሉ ሰማሁና የእርሾ ታብሌት ገዛሁ። ጠዋትና ማታ ልስጣት?»

አጭሩ መልስ

እህቴ፣ አትስጫት። እርሾው ራሱ መርዝ ስለሆነ አይደለም። የምፈራው ታብሌቱን ይዘሽ «መፍትሔ አገኘሁ» ብለሽ የባትሪውን ሥራ ከግቢ ማስወጣቱን እንዳታዘገዪው ነው። ሐኪሙ ቀላል ነገር የነገረሽ ይመስላል እንጂ ዋናውን ሕክምና ነው ያዘዘልሽ።

ግን የቪዲዮው ወሬም እንዲሁ ከባዶ የተነሳ አይደለም። ሳይንቲስቶች ከባድ ብረቶች በሴል ላይ ምን እንደሚያደርሱ ለማወቅ እርሾን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እርሾ ብረትን ይዞ የማስቀረት ችሎታ እንዳለውም እውነት ነው። ስህተቱ የመጣው ብርጭቆ ውስጥ የታየውን ነገር ልጅ ሆድ ውስጥም ይሠራል ብሎ ከማሰብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እርሾዋ ውስጥ ገብተን እንይ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ እንመለሳለን።

1. እርሾን ለምን ያጠኑታል?

እዚህ ላይ እርሾ የምለው የዳቦ እርሾን ነው። የእንጀራ እርሾ የብዙ ዓይነት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ድብልቅ ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። የዳቦ እርሾ ሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲየ ነው። ጠላና ጠጅ ውስጥ ስኳሩን ወደ አልኮል ከሚለውጡት መካከልም ይገኛል። አንዷ ሴል በጣም ትንሽ ናት፤ 200 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሞሉ ነው።

እንዲህ ብታንስም የእርሾ ሴል ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ሴል ትቀርባለች። እንደ እኛ ሴል ኒውክሊየስ አላት፣ ኃይል የሚያመነጭ ሚቶኮንድሪያ አላት፣ ቆሻሻና ትርፍ ነገር የምታከማችበት ጓዳም አላት፤ ይህ ጓዳ ቫኪዩል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውክሊየስ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ ቀድማ ሙሉ ጂኖሟ የተነበበላት እሷ ናት። ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖች ያሏት ሲሆን ብዙዎቹ በሰው ውስጥ ዘመድ አላቸው።

ሌላው ጥቅሟ ፍጥነቷ ነው። ምግብና ሙቀት ከተመቻት በ90 ደቂቃ ገደማ ሁለት ትሆናለች። ስለዚህ አንድ መርዝ ሴልን እንዴት እንደሚጎዳ ለማየት ሰውም እንስሳም ሳይነካ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ትውልድ መከታተል ይቻላል።

2. ከባድ ብረት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሁሉም ብረት ጠላት አይደለም። ሰውነታችንም ሆነ እርሾ አይረን፣ ዚንክና መዳብ የግድ ያስፈልጋቸዋል። እነዚህ ሲያንሱም ሲበዙም ይጎዳሉ። እንደ ጨው አስቡት፤ ሲያንስ ወጡ አይጣፍጥም፣ ሲበዛ አይበላም።

ሊድ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ግን ለሰውነታችን የሚሰጡት ምንም ጥቅም የለም። አርሴኒክም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። በነገራችን ላይ ሊድ በአማርኛ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግን ግራፋይት እንጂ ሊድ አይደለም፤ ልጃችሁ እርሳስ ነከሰ ብላችሁ አትደንግጡ።

3. ወደ ሴሉ እንዴት ይገባሉ?

የትኛውም ሴል ለካድሚየም ብሎ የሠራው በር የለውም። ካድሚየም ግን ዚንክን ይመስላል። ስለዚህ እርሾዋ ዚንክ ለማስገባት በሠራችው በር ሾልኮ ይገባል፤ በሰው መታወቂያ ጥበቃውን አልፎ እንደሚገባ ሌባ ማለት ነው። አርሴኒክ ደግሞ አንዱ መግቢያው ግሊሰሮል የሚተላለፍበት ቦይ ነው።

እኛም ጋር ያው ነው። ሊድ በአንጀታችን ውስጥ አይረንና ካልሲየም በሚገቡበት መንገድ ይገባል። ይህችን ነጥብ ያዟት። አይረንና ካልሲየም የጎደለው ልጅ አንጀቱ «የመጣውን ሁሉ አስገባ» ብሎ በሩን ይከፍታል፣ ሊዱም አብሮ ይገባል። የደም ማነስ ያለባት ልጅ ለሊድ ይበልጥ የምትጋለጠው ለዚህ ነው።

4. ከገቡ በኋላ ምን ያበላሻሉ?

ተመራማሪዎች በእርሾ ላይ ያዩትን በአምስት ነጥብ ላስቀምጠው።

👉 ሽፋኑን ይበሱታል። መዳብና ካድሚየም ሲበዙ የሴሉ ሽፋን ያፈስሳል። ውስጥ መቆየት የነበረበት ፖታሲየም ይወጣል፣ ሴሏም ትዳከማለች።

👉 የሌላውን ወንበር ይቀማሉ። ብዙ ኢንዛይሞች የሚሠሩት መሃላቸው ላይ ዚንክ ወይም ሌላ ብረት ሲቀመጥ ነው። ካድሚየም ያንን ቦታ ሲይዝ ኢንዛይሙ ቅርጹ ይኖራል፣ ሥራው ይቆማል።

👉 ሰልፈር ያለበትን ሁሉ ይይዛሉ። ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ ፕሮቲኖች ላይ ካለው ሰልፈር ጋር በጥብቅ ይጣበቃሉ። አዲስ እየተሠሩ ያሉ ፕሮቲኖች በትክክል መታጠፍ ያቅታቸውና እንደ ተበላሸ ሊጥ እየተጓጎሉ ይከማቻሉ።

👉 ሴሉን ያዝጋሉ። ሐኪሞች ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የምንለው ነው። መዳብ በቀጥታ፣ ሊድና ካድሚየም ደግሞ የሴሉን መከላከያ በማሟጠጥ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች እንዲበዙ ያደርጋሉ። እነዚህም ስቡን፣ ፕሮቲኑንና ዲኤንኤውን ያጠቃሉ።

👉 የስህተት አራሚውን ሥራ ያስቆማሉ። ይሄኛው በጣም አስፈላጊ ነው። ሴል ሲባዛ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ስህተቱን የሚያርም ሥርዓትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በእርሾ ላይ የወጣ ጥናት ካድሚየም ይህንን አራሚ እንደሚያስቆመው አሳየ። ካድሚየም ራሱ ዲኤንኤውን ባይቆርጠውም ስህተቱ ሳይታረም ወደሚቀጥለው ትውልድ ያልፋል። ካድሚየም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው፤ አንዱ መንገዱ ምን እንደሆነ ለመረዳት የረዳን ይህ የእርሾ ሥራ ነው።

5. እርሾ ራሷን እንዴት ትከላከላለች?

እርሾ ዝም ብላ አትሞትም። አራት መከላከያ አላት።

የመጀመሪያው የውጭ ግድግዳዋ ነው። ግድግዳው ላይ ብረትን የሚስቡ ብዙ ቦታዎች ስላሉ የተወሰነው ብረት ውጭ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ለሞተ እርሾም ይሠራል። የቢራ ፋብሪካ ትርፍ እርሾን ተጠቅሞ የቆሸሸ ውሃ ለማጣራት ብዙ ምርምር የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የቪዲዮው ወሬም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ግሉታታይዮን የምትባል ሰልፈር ያላት ትንሽ ሞለኪውል ናት። ካድሚየም ሲገባ እርሾ ያላትን ሰልፈር ወደ ግሉታታይዮን ሥራ ታዞራለች። ግሉታታይዮን ካድሚየሙን ትይዘዋለች፤ ከዚያ አንድ ፓምፕ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ጓዳው ይወረውራቸዋል፤ በሩም ይዘጋል። ይህ ፓምፕ የሌላት እርሾ በጥቂት ካድሚየም ትሞታለች።

ሦስተኛው ሜታሎታይኒን የሚባል መዳብ የሚያስር ፕሮቲን ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በፈረንሳይ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የወይን ገበሬዎች የፈንገስ በሽታን ለመከላከል መዳብ ያለበት መድኃኒት ወይኑ ላይ ይረጩ ነበር። በወይን እርሻዎች ከሚኖሩት እርሾዎች ብዙዎቹ ታዲያ የዚህን ፕሮቲን ጂን ደጋግመው አባዝተው ተገኙ። መዳቡ ደካሞቹን ሲገድል የተረፉት ጠንካሮቹ ናቸው።

አራተኛው ማስወጣት ነው። አርሴኒክን ከሴሉ ወደ ውጭ የሚገፋ የተለየ ፓምፕ አላት።

የምሥራቅ አፍሪካም ድርሻ አለበት። ሌላዋ በላብራቶሪ ታዋቂ የሆነች እርሾ በ1893 የተገለጸችው ከምሥራቅ አፍሪካ ቢራ ተወስዳ ነው። ስሟ ውስጥ ያለው «ፖምቤ» የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ቢራ ማለት ነው። ካድሚየምን የሚያስሩ ፋይቶኬላቲን የሚባሉት ሞለኪውሎች መጀመሪያ የተገኙት እሷ ውስጥ ነው።

6. ታዲያ እርሾ መብላት ለምን አይሠራም?

ሦስት ምክንያት አለኝ።

ቦታው አይገናኝም። ታብሌቱ ውስጥ ያለው እርሾ ሆድና አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። የልጅቷ ሊድ ግን ደሟ፣ አጥንቷና ሌላው አካሏ ውስጥ ነው። በልጆች ሰውነት ውስጥ ካለው ሊድ 70 በመቶ ገደማው፣ በአዋቂ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። አንጀት ውስጥ ያለ እርሾ እዚያ ደርሶ አይመጥም።

አሲድ ያስለቅቀዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ብረት የያዘውን እርሾ እንደገና ለመጠቀም ሲፈልጉ በምን እንደሚያጥቡት ታውቃላችሁ? በአሲድ። አሲድ ሲነካው ብረቱን ይለቃል። ጨጓራችን ደግሞ በአሲድ የተሞላ ነው።

በሰው ላይ አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ስለ ሊድ መመረዝ ያወጣው የሕክምና መመሪያ ውስጥ እርሾ የሚባል ሕክምና የለም። ዲቶክስ ሻይም፣ የሎሚ ውሃም የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እርሾ በየትውልዱ ደካማዋ እየሞተች ጠንካራዋ ስለምትተርፍ ከመዳብ ጋር መኖር ቻለች። እኛ ግን ልጆቻችንን እንዲህ መክሰር አንችልም። «ሰውነት ይለምደዋል» የሚባል ነገር ከሊድ ጋር የለም።

7. የልጅቷ 18 ምን ማለት ነው?

ቁጥሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 18 ማይክሮግራም ሊድ አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል የሊድ መጠን የለም ይላል። 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ብረቱን አስሮ የሚያወጣ መድኃኒት የሚመከረው 45 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ያልሰጣት ቸል ብሎ አይደለም። በ18 ላይ ዋናው ሕክምና ምንጩን ማቆም ነው። ደም ውስጥ ያለው ሊድ አዲስ ካልገባ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለዓመታት ስለሚቆይ እየፈሰሰ ቁጥሩን ያዘገየዋል። ምንጩ ካልቆመ ደግሞ አንድ እጅ ውሃ ሲቀዳ በሌላው እጅ እየሞሉ እንደ ማለት ነው።

አይረኑስ? እሱም የሕክምናው አካል ነው። ሊድ ሄሞግሎቢን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ ስለዚህ የደም ማነሱን ያባብሳል። የአይረን እጥረቱ ደግሞ ሊዱ በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሽሮፑ ይህንን ሰንሰለት ከአንድ ወገን ይበጥሰዋል። ሽሮፑን በታዘዘው መጠን ብቻ ስጪያት፤ አይረንም ሲበዛ ይመርዛል፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጪው።

«ብረት አውጪ» የሚባሉ መርፌዎችንም በራሳችሁ እንዳትሞክሩ። በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ሁለት ሕፃናትና አንዲት አዋቂ ሴት በእንዲህ ዓይነት ሕክምና ሞተዋል። ደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት ወርዶ ልባቸው ቆመ። ከሕፃናቱ አንዷ ለሊድ እየታከመች የነበረች የ2 ዓመት ልጅ ናት፤ ስሙ የሚመሳሰል የተሳሳተ መድኃኒት ነው የተሰጣት። ሐኪም ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ከተፈጠረ፣ ከኢንተርኔት ገዝቶ ቤት ውስጥ መሞከር ምን ያህል አደጋ እንደሆነ አስቡት።

8. እኛ ጋር ከየት ይመጣል?

✅ የመኪና ባትሪ። ባትሪ ሲፈታ፣ ሊዱ ሲቀልጥና ሲፈጨ አቧራው አፈሩ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ጫማ ላይ ያርፋል። ልጅ መሬት ላይ ይጫወታል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ልጆች የዋጡትን ሊድ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ አብልጠው ያስገባሉ።

✅ ኩል። አንዳንዱ ባህላዊ ኩል ሊድ ካለበት ድንጋይ የሚሠራ ነው። «ዓይኑ ያምር» ተብሎ ለሕፃን የሚቀባ ኩል ይቅር።

✅ ያረጀ ቀለም። ግድግዳ፣ በርና መስኮት ላይ የሚላጥ አሮጌ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ስትፍቁ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አጠገብ አይሁኑ፤ በደረቁ ከመፋቅ ይልቅ እያረጠባችሁ ፍቁት።

✅ ከቁርጥራጭ ብረት የተቀለጠ ድስት። በካሜሩን የተደረገ ጥናት ከአሮጌ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ የአሉሚኒየም ድስት ሲበስልበት ሊድ እንደሚለቅ አሳይቷል። በተለይ ኮምጣጣ ነገር እንደዚህ ባለ ድስት ውስጥ አብስሎ ማሳደር ጥሩ አይደለም።

✅ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችና ሳሙናዎች። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ኩላሊት ይጎዳሉ፤ እናት የተቀባችው ወደ ልጇም ሊደርስ ይችላል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም አትግዙ።

✅ ሲጋራ። የትምባሆ ቅጠል ካድሚየም ከአፈር ይሰበስባል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። እርሾ ጓዳዋ ውስጥ ቆልፋበት ትባዛለች፤ የኛ ጓዳ ግን ኩላሊታችን ሆኖ አረፈው።

✅ በተበከለ ወንዝ የለማ አትክልት። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን ለክተዋል። ይህ ማለት ጎመንና ቆስጣ አትብሉ ማለት አይደለም፤ አትክልት የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። የምትገዙበትን ቦታ ቀያይሩ፣ አፈሩ እስኪወጣ በደንብ እጠቡ። ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ውሃ ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያጠፋም።

9. ለእህታችን የማዝዘው

1. የባትሪው ሥራ ዛሬ ነገ ሳይባል ከግቢ ይውጣ። እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራው ይቁም አላልኩም፣ ልጅ ከሌለበት ቦታ ይሁን።
2. ባለቤትሽ የሥራ ልብሱንና ጫማውን እዚያው ቀይሮ፣ ታጥቦ ይግባ። የሥራ ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።
3. ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ፤ አቧራውን ያስነሳዋል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። የተበከለውን የግቢ አፈር በንጹሕ አፈር ወይም በሲሚንቶ መሸፈን ከተቻለ ጥሩ ነው።
4. የልጅቷ እጅ ከምግብ በፊትና ከመተኛቷ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ጥፍሯ ይቆረጥ።
5. ምስር፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ እንቁላል፣ ሲገኝ ሥጋ፣ ወተትና እርጎ ትብላ። ባዶ ሆድ ሊድን ይበልጥ ስለሚያስገባ ቶሎ ቶሎ ትመገብ።
6. ሐኪሙ በሰጠሽ ቀጠሮ ምርመራው ይደገም። ሌሎች ልጆች ካሉ፣ ባለቤትሽም፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አንቺም ተመርመሩ። በእርግዝና ጊዜ ከአጥንት የሚለቀቅ ሊድ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

⚠️ ልጁ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከመጠን በላይ የሚያንቀላፋው ወይም እንደ በፊቱ መራመድ የሚያቅተው ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለማጠቃለል

እርሾዋ የነገረችን ይህ ነው፦ ከባድ ብረት የምንፈልገውን ማዕድን መስሎ ይገባል፣ የሌላውን ቦታ ይቀማል፣ ስህተታችንን እንዳናርም ያደርገናል። ከገባ በኋላ ማስወጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ትልቁ መድኃኒት እንዳይገባ ማድረግ ነው። እህቴ፣ የገዛሽውን ታብሌት ወደ ጎን አድርጊው፤ ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥራው የት እንደሚዛወር ተነጋገሩ። ልጅሽን የሚያድናት ያ ንግግር ነው።

ባትሪ የሚጠግን፣ ብየዳ የሚሠራ ወይም ቀለም የሚቀባ ወዳጅ ዘመድ ካላችሁ ይህንን ጽሑፍ ላኩለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ በተቻለኝ እመልሳለሁ። ይህ ትምህርት ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪማችሁን ምርመራ አይተካም።